ማርሽ ሲያመነታ

አሰላ፣ ጥር 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እትዬ ፋናዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ዘንድሮ ከጭላሎ የሚወርደው ውርጭ ጠዋት ጠዋት የመኪና መስታወት ይሸፍናል። ይህን ያህል ጊዜ ስላልጻፍኩልዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር አንዱን ዜና ዘልዬ ሌላውን መጻፍ አቃተኝ።

አይሻ ቅቤዋን ይዛ መርካቶ ስትመጣ የነገረችዎ እውነት ነው። ከኅዳር ጀምሮ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ የጓድ ሣህሌ ሾፌር ነኝ። «የወንድምህን ገዳይ እንዴት ትነዳለህ?» ብለው ጠይቀውኛል። መሥሪያ ቤቱ መደበኝ። እምቢ ብል ምክንያት ይጠይቁኛል፤ ምክንያቱ ደግሞ የወንድሜ የጋሼ ገብረ መድህን ስም ነው። ያ ስም እዚህ ከተማ ዛሬም ጮክ ተብሎ አይጠራም።

የባሰውን ልንገርዎ፤ ሰውዬው አላወቀኝም። ወደ ሮቤ ስንሄድ ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ «አንተ ወልደጻድቅ፣ ወንድም የለህም?» አለኝ።

«ነበረኝ፤ ሞተ።»

«በምን?»

«በማርሽ ዘይት።»

«ሆሆ! ጠጥቶት ነው?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ስለ ስንዴ ዋጋ ማውራት ጀመረ።

አዲስ መኪና መጥቶለታል። ነጭ ነው፤ የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተላጠም። ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሹን ራሱ ነው የሚለውጠው። ሲመጣ ካምቢዮው ውስጥ የነበረው ቀይ፣ ቀጭን ዘይት ነው። ሣህሌ ጋራዥ ገብቶ ያንን አየና፣ «ይሄ ምን ቀይ ውሃ ነው? ካምቢዮ ወፍራሙን ዘጠና ቁጥር ነው የሚጠጣው! ድፉትና ዘጠና ሙሉበት» አለ። የጋራዡ ሹም ሁሴኖ፣ «ጓድ፣ ይሄ መኪና እኮ ከሌሎቹ ይለያል» ቢለው፣ «አንተ ፋብሪካው ነህ?» አለው። ሁሴኖ ሞላው። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው ያመነታል። ማርሽ አስገባለሁ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ተስፋ ስቆርጥ ድንገት ይወረወራል። ጠዋት በብርዱ ደግሞ ይብስበታል።

ሁሴኖ ቀይ ዘይቱ እርስዎ ከሚሠሩበት የመለዋወጫ መደብር እንደማይጠፋ ሰምቷል። ካለ ይላኩልን። ሁሴኖ ፈርቷል። መኪናው አንድ ቀን ጨርሶ ቢቆም «ማን ሞላው?» መባሉ አይቀርም፤ «ማን አዘዘ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

አክባሪዎ ወልደጻድቅ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወልደጻድቅ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ዘይቱ አለ። አልልክም።

አንተ ያኔ ወታደር ቤት ስለነበርክ ያላየኸውን ልንገርህ። በሰባ ዓ.ም.፣ ስንዴው ደርሶ ሳለ፣ በመንግሥት እርሻው ላይ ኮምባይነሩ መሐል ማሳ ቆመ። ወንድምህ፣ ባሌ፣ ትክክለኛው የካምቢዮ ዘይት እንዳልመጣ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። «ባለው ሥራ» አሉት። ባለው ሠራ፣ ካምቢዮው ተሰበረ። በማግስቱ እዚያው ማሳው ላይ ስብሰባ ጠሩ። ሣህሌ ተነሥቶ፣ «ጓዶች፣ ይህ ብልሽት አይደለም፤ ይህ አሻጥር ነው!» አለ። እጅ አንሡ ተባለ። ተነሣ።

ወህኒ ቤቱ በር ላይ ስንቅ ይዤ ስመላለስ ከረምኩ። አንድ ጠዋት ዘበኛው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰልኝና፣ «ከእንግዲህ አትድከሚ» አለኝ። የተነገረኝ ይኸው ብቻ ነው።

ሁሴኖ ፈርቷል ትለኛለህ። ይፍራ። ያን ቀን እጁን ሲያነሣ ከፊት ነበር የተቀመጠው።

ሣህሌ ይሙት አልልም። የሞተ ሰው አያፍርም። ሕዝብ እያየው መንገድ ላይ እንዲቆም ነው የምፈልገው። እኔ በዚያ በር እንደቆምኩት፣ የሚሆነውን ሳያውቅ ይቁም። እስቲ ጻፍልኝ፦ መኪናው እምቢ ሲለው ምን ያደርጋል? ፊቱ ምን ይመስላል?

ይህን አንብበህ አቃጥለው።

ፋናዬ


አሰላ፣ የካቲት 29 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ፋናዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? ያሉትን አቃጥያለሁ።

ለጠየቁኝ እነሆ። መኪናው ሲቆም መጀመሪያ በሩን በመዳፉ ይመታል። ቀጥሎ እኔን ይሰድባል። ቀጥሎ መስታወቱን ዘግቶ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ የቆመው በፈቃዱ እንዲመስል።

ባለፈው ሮቤ በገበያው ቀን፣ መሐል መንገድ ላይ ቆምን። ከፊትም ከኋላም ሕዝብ ነው። ቱሳ የሚባል ጋሪ ነጂ ጋሪውን አጠገባችን አቁሞ፣ «ጓድ! ፈርዳ ኮ ላውስዎ?» ብሎ ጮኸ።

ሣህሌ ኦሮምኛ አይሰማም። «ምንድነው የሚለው?» አለኝ።

«ፈረሴን ላውስዎ ነው የሚለው፣ ጓድ።»

መስታወቱን ዝቅ አደረገና እንደ ወዳጅ ለመሳቅ ሞከረ። «አዲስ ስለሆነ ነው። አገሩን እስኪለምድ ነው!»

ቱሳ በአማርኛ፣ «ግድ የለም ጓድ፤ እኛም እርስዎን እስክንለምድ እንዲህ ደንዝዘን ነበር!» አለው። ቅቤ ሻጮቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ያን ጊዜ መኪናው ተወረወረና የሣህሌ ባርኔጣ ከራሱ ላይ ወደ ኋላ ወደቀ።

እትዬ፣ ጋሼ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ፊቴን ወደ መስታወቱ አዙሬ ነው የሳቅሁት።

ማታውን ጋራዥ ስንገባ ግን ሁሴኖ ከመኪናው ሥር ወጥቶ፣ «ዘይቱ ተቃጥሏል፣ ይሸታል። መቼ ነው የሚልኩልን?» አለኝ። «ይጻፋል» አልኩት። ዓይኑን ማየት ከበደኝ።

ሣህሌ ራሱ ለጉዳይ በሌላ መኪና አዲስ አበባ ይመጣል። መደብራችሁ የት እንደሆነ ጠይቆኛል። አድራሻውን ነገርኩት።

ወልደጻድቅ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወልደጻድቅ፤

መጥቷል። «አወቀዎ ወይ?» ብለህ ላክህብኝ። አላወቀኝም። ዓይኔን ትክ ብሎ አየ፤ ምንም አላገኘበትም።

«ጓዲት፣ ከአርሲ ነው የመጣሁት» አለኝ።

«ይቀመጡ» አልኩት። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከኋላው የመጡትን ሁሉ አስተናገድኩ። ባልደረባዬ አሰፋች በጆሮዬ፣ «ኧረ ባለሥልጣን ይመስላል!» አለችኝ። «ባለሥልጣን አይቀመጥም እንዴ?» አልኳት። ሰው ሲያልቅ ጠራሁት።

«ምን ልርዳዎ?»

«የካምቢዮ መድኃኒት ነገር ካለ። አዲስ መኪናዬ ያመነታል።»

«አሁን ያለበት ዘይት ምንድነው?»

«ዘጠና ቁጥር። መጀመሪያ የመጣበትን ቀይ ውሃ አስደፋሁት። መካኒኮቹ ሲያንገራግሩ እኔ ራሴ ቆሜ ነው ያስሞላሁት።»

«እርስዎ ራስዎ?»

«እኔ ራሴ! እኔ ካልቆምኩ እዚያ አገር ምን ይሠራል ብለሽ ነው?»

አሰፋች ከጽሕፈቷ ቀና አለች። ዘይቱ ከኋላዬ፣ ከመደርደሪያው ታች ነበር። ጎንበስ ብል እደርስበታለሁ። «ለጊዜው የምንሰጥዎ የለም» አልኩት።

ባርኔጣውን አነሣ። ሲወጣ ስለ ጋራዡ ሰዎች አንድ ቃል ተናገረ። ያን ቃል እዚህ ላይ አልጽፈውም።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ከሰባ ዓ.ም. ወዲህ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም።

ፋናዬ


አሰላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

እትዬ ፋናዬ፤

ያልጻፉትን ቃል አሁን አውቄዋለሁ።

ከላይ አንድ ትልቅ ጓድ ለጉብኝት መጥቶ ነበር። ሣህሌ በአዲሱ መኪና ካልወሰድኩዎ አለው። ጮሌ ዳገት ላይ መኪናው ቆመ። ማርሽ አስገባሁ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ወደ ኋላ ተንሸራተትን። ፍሬን ባልይዝ ገደል እንገባ ነበር። የኋላ ጎማው ቦይ ውስጥ ገባ። እንግዳው በጭቃ በእግሩ ወጣ። ሣህሌ ቦዩ ዳር ቆሞ፣ እጁን አወራጭቶ፣ «ጓድ፣ ይህ ብልሽት አይደለም፤ ይህ አሻጥር ነው!» አለ። ቃል በቃል እርስዎ እንደጻፉልኝ።

በማግስቱ ሁሴኖን ከጋራዥ ወሰዱት። እጁን እንኳ አልታጠበም ነበር። ሚስቱ ሀሊሜ እዚያው እርስዎ የቆሙበት በር ላይ ስንቅ ይዛ ትቆማለች። እስካሁን እየተቀበሏት ነው።

እንግዳው ራሱ የሚመራው ስብሰባ በግንቦት መጀመሪያ ይደረጋል። አሻጥር ነው ከተባለ ጉዳዩ ወደ ልዩ ፍርድ ቤት ያልፋል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ያውቁታል።

ሁሴኖ እጁን አንሥቷል ብለውኛል። በዚያ ማሳ ላይ ያላነሣ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ስሙን በጠራነው ነበር። ዛሬ ግን ሁሴኖ በማንም ላይ ጣቱን አልቀሰረም። ወፍራሙ ዘይትም ይቅርብን ብሎ ነበር፣ እኔ ምስክር ነኝ። የሾፌር ምስክርነት ግን ማን ይቀበላል?

እትዬ፣ ዘይቱን ይላኩ። መኪናው ከዳነ ጥፋቱ የዘይት መሆኑ ይታያል። አልልክም ካሉ ደግሞ ለሀሊሜ የምላትን ይጻፉልኝ። እኔ የምላት አጥቻለሁ።

ወልደጻድቅ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወልደጻድቅ፤

በደብዳቤህ ተቆጥቻለሁ። ያስቆጣኝ የጻፍከው ትክክል መሆኑ ነው።

ለሀሊሜ ምንም አትበላት። ስንቁን በምትቀበልበት ሰዓት አጠገቧ ቁም፤ ለእኔ የቆመልኝ አልነበረም።

ከአሰላ ለመደብራችን ወረቀት መጥቷል። በካምቢዮው ላይ ቃል የሚሰጥ ሰው ይላክ ይላል። መሐንዲሳችን የጉዳዩን ዓይነት ሲሰማ ወገቡን አመመው። «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። አሰፋችም አብራኝ ትመጣለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ሁሴኖን ይቅር ብዬው እንዳይመስልህ። በባሌ ላይ የተነሣውን እጁን እስክሞት አስታውሰዋለሁ። ነገር ግን ሣህሌ ያንን ቃል በሁለተኛ ሰው ላይ ጥሎ እንዲያልፍ አልፈቅድም፤ በእኔ ዘይት አይሆንም። ቃሉን ራሱ እንዲመዝነው አደርጋለሁ። ከከበደው ከሁሴኖም ከባሌም ላይ ያነሣዋል። ካልከበደው ራሱ ይሸከመዋል።

ዘይቱን ይዣለሁ። ስታየኝ አታውቀኝም።

ፋናዬ


አሰላ፣ ግንቦት 5 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፤

በሰላም ገቡ? እንዳሉኝ አላወቅሁዎትም። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ዘንቢልዎን ልቀበል እጄ ተነሥቶ ነበር፤ ወደ ኪሴ መለስኩት።

ሾፌር አዳራሽ ስለማይገባ እኔ ያየሁት የውጩን ነው። ሁሴኖን በወታደር አስጠብቀው አመጡትና ከመኪናው ሥር ገባ። ወፍራሙን አወጣ፣ በቀዩ አጠበ፣ ደፋ፣ እንደገና ሞላ። ወታደሩ ፋኖስ ያዘለት። ማርሽ ሳስገባ እጄን ገና ሳላነሣ ያዘ። ሁሴኖ መሬት ላይ እንደተቀመጠ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ በዘይት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ከዚያ እናንተ ገባችሁ፣ በሩ ተዘጋ። ብዙ ቆየ። ድንገት አዳራሹ፣ «አልሰማንም! አልሰማንም!» እያለ ሲጮህ ሰማሁ።  ማታውን ሁሴኖ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሣህሌ ሲወጣ በሩን ራሱ ከፍቶ፣ ከኋላ መቀመጡን ረስቶ፣ ከፊት አጠገቤ ተቀመጠ። ውስጥ ምን አሉት?

ወልደጻድቅ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 16 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወልደጻድቅ፤

እንደሆነው እጽፍልሃለሁ።

እንግዳው፣ «በመኪናው ላይ አሻጥር ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የተፈጸመው የእሱ ያልሆነ ዘይት መሙላት ነው» አልኩ። «አሻጥር መሆኑን የሚያውቀው ይሞላ ብሎ ያዘዘው ሰው ነው።»

«ማነው ያዘዘው?»

 ሁሴኖ ጫማውን ያያል። «ጓድ ሣህሌ መደብራችን መጥተው፣ እኔ ራሴ ቆሜ ነው ያስሞላሁት ብለውኛል። ባልደረባዬም ሰምታለች» አልኩ። አሰፋች ተነሥታ፣ «ሰምቻለሁ» አለች። 

እንግዳው ወደ ሣህሌ ዞረ። «እውነት ነው? እንግዲህ አሻጥር ከሆነ አሻጥሩ የማን ነው?»

ሣህሌ ቶሎ ብሎ ተነሣ። «ጓድ፣ ይህ ስህተት ነው እንጂ አሻጥር አይደለም። ስለ ዘይት ማንም ሊሳሳት ይችላል!»

የመጣሁት ለዚያች ቃል ነበር። «እንግዲያው አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «በሰባ ዓ.ም. የእርሻው ኮምባይነር የተሰበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ትክክለኛው ዘይት ጠፍቶ በሌላ ተሞላ። ገብረ መድህን የሚባል መካኒክ አሻጥረኛ ተብሎ ተወሰደ። አሻጥር ነው ያሉት ጓድ ሣህሌ ናቸው። እኔ የገብረ መድህን ሚስት ነኝ። ያስ ምን ነበር?»

ያን ጊዜ አወቀኝ።  ዓይኑን ወደ እንግዳው፣ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አዞረ። አሻጥር ነበር ቢል የዛሬውም አሻጥር ይሆናል፣ ያዘዘውም እሱ ነው። ቆሞ ሲቀር አየሁት። አላገዝኩትም።

«ያም... ስህተት ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «አልሰማንም!» አለች። ሀሊሜ ነበረች። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተቀበላት፤ ያኔ እጃቸውን ያነሡት ሰዎች ሁሉ ጭምር። እንግዳው፣ «ጮክ ብለህ ተናገር» አለው።

«ስህተት ነበር! ገብረ መድህን አሻጥረኛ አልነበረም!»

ስሙ በዚያ አዳራሽ ጮክ ተብሎ ተጠራ። የጠራውም እሱ ነው።

ሁሴኖ በር ላይ ሊያመሰግነኝ ቀረበ። «ለአንተ አይደለም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ገብቶታል።

አሁን ደግሞ አንተ ንገረኝ። ከሥልጣኑ አወረዱት?

ፋናዬ


አሰላ፣ ሰኔ 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ፋናዬ፤

አላወረዱትም። ሂስ ተቀበለ ተብሎ ታለፈ። ወንበሩ ላይ ነው፣ መኪናውም የእሱ ነው፣ ሾፌሩም እኔ ነኝ። በዚህ እንዳያዝኑ፤ ቀጥሎ የምጽፍልዎን ያንብቡ።

ከስብሰባው ወዲህ አንድ ቀን፣ «የአባትህ ስም ማን ነበር?» አለኝ።

«ያውቁታል፣ ጓድ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ ስንዴ አላወራም።

መኪናው አሁን ጤነኛ ነው፤ ማርሽ ሲነካ ይሄዳል። እኔ ግን ጮሌ ዳገት፣ ያ ገደል አጠገብ ስንደርስ ቀስ ብዬ አቆማለሁ። ሞተሩ እየሠራ፣ እጄን ማርሹ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። በመስታወቱ አየዋለሁ። ላቡ ከባርኔጣው ሥር ይወርዳል። መጀመሪያ ጊዜ የበሩን እጀታ ጨብጦ ተቀመጠ። በሁለተኛው፣ «መኪናው ነው ወይስ አንተ ነህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

 እኔ ስነሣ ሄድን።

ሊያባርረኝ አይችልም። ቢያባርረኝ ከተማው ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል፣ ወደ ላይም ይጻፋል። በእግሩ እንዳይሄድ ዳገቱ ረጅም ነው። እኔም አልነካውም። ዝም ብዬ አቆማለሁ፣ ከዚያ እነሣለሁ።

ሁሴኖ ይህን ሰምቶ፣ «ተው፣ ይበቃል» ብሎኛል። እርስዎ ምን ይላሉ? ተው ካሉኝ እተዋለሁ።

ወልደጻድቅ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወልደጻድቅ፤

እንደምን ከረምክ? ገደል አጠገብ መቆሙን ተው። አንተም አብረኸው አለህ።

መሥሪያ ቤቴ አሰላ ላይ አነስተኛ መደብር ሊከፍት ነው። ወደዚያ የሚዛወር ፈቃደኛ ሲጠየቅ ስሜን ሰጠሁ። ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ነኝ። የአይሻ እህት የምትኖርበትን የአሰላውን ቤታችንን ትለቅልኛለች፤ አነጋግሬያታለሁ። በረንዳው ዋናው መንገድ ላይ እንደሆነ ታውቃለህ። ሣህሌ ቢሮ ለመግባት ሌላ መንገድ የለውም።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። ምንም አልናገረውም፣ አልሰድበውም። ያየኛል፣ አየዋለሁ።

በደጄ ስታልፍ ቀስ በል።

ፋናዬ